ለሥራ ኮምቦልቻና ደሴ የሚመላለስ ሰው የት፣ መቼና ምን ቢበላ ይሻለዋል?

ባለ መፍቻው (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁም። የማሽን ጥገና ባለሙያ ነኝ። መኖሪያዬ አዲስ አበባ ሲሆን፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ መሥሪያ ቤቴ በየወሩ ከ10 እስከ 12 ቀን ወደ ኮምቦልቻ ይልከኛል፤ ከዚያ ውስጥ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ቀን ደሴ አድራለሁ። ጥያቄዬ ስለ ምግብ ነው። ነገሩ ቀላል ቢመስልም ለእኔ ከማሽኑ ሥራ የበለጠ አስቸጋሪ ሆኖብኛልና ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ላቅርበው።

እስካሁን የነበረኝ ልማድ ካረፍኩበት ሆቴል ሳልወጣ መብላት ነው። ጠዋት እንቁላል በዳቦ፣ ቀን ጥብስ፣ ማታ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጥብስ ወይም ፓስታ፣ በመካከሉ ሦስት አራት ብርጭቆ ስኳር የበዛበት ሻይ። እንዲህ የማደርገው ምግቡን ወድጄው ሳይሆን፣ አንደኛ መሥሪያ ቤቴ ደረሰኝ ስለሚጠይቀኝ፣ ሁለተኛም ከተሞቹን በቅጡ ስለማላውቃቸው ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሰባት ኪሎ ጨምሬአለሁ። የቆየ የጨጓራ ሕመም አለብኝ፤ በቅርቡ ባደረግኩት ምርመራ ደግሞ ሐኪሙ የደም ስኳሬ ከሚገባው በላይ ከፍ ማለት መጀመሩን ነግሮኛል።

ባለፈው ወር "እስቲ ወጣ ብዬ የአገሩ ሰው የሚበላውን ልብላ" አልኩና፣ ማታ 3 ሰዓት አካባቢ ኮምቦልቻ ውስጥ ሰው ሞልቶበት ወዳየሁት አንድ ምግብ ቤት ገብቼ ቀይ ወጥ በላሁ። ጣዕሙ ምንም አይወጣለትም ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የጀመረኝ ቁርጠትና ተቅማጥ ግን ሁለት የሥራ ቀን አልጋ ላይ አዋለኝ። ሕመሙ ከዚያ ወጥ መምጣቱን በማስረጃ ላረጋግጥ ስለማልችል የቤቱን ስም አልጠራም። ከዚያ ወዲህ ግን እንደገና ወደ ሆቴሌ ጥብስ ተመልሻለሁ።

ነገሩን የሚያወሳስቡ ሁለት ተጨማሪ ጉዳዮች አሉ። እኔ ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ፤ አብሮኝ የሚጓዘው ባልደረባዬ ደግሞ ሙስሊም ነው። ስለዚህ እርሱ ወደ ሙስሊም ምግብ ቤት፣ እኔ ወደ ክርስቲያን ምግብ ቤት እያመራን ምሳና እራታችንን ለየብቻ እንበላለን። ቀኑን ሙሉ አንድ ማሽን ሥር ተጋድመን ውለን በምሳ ሰዓት መለያየታችን ደስ አይለኝም።

እንግዲህ የሁለቱን ከተሞች ነገር የምታውቁ፣ አንድ እንግዳ ሰው ደህናውን ቤት በምን ይለያል? ለጨጓራና ለስኳር የማይከብድ ምን ማዘዝ ይቻላል? ከባልደረባዬ ጋርስ በአንድ ማዕድ የምንቀርብበት መንገድ ይኖር ይሆን?

የጓዳ ሰው (ኮምቦልቻ)፦

እንኳን ተረፉ ወንድሜ። በርበሬ ወንዝ አካባቢ ለ11 ዓመት ምግብ ቤት ነበረኝ። አሁን በጤና ምክንያት ትቼዋለሁ፤ የሚቀርብኝ ደንበኛ ስለሌለ የጓዳውን ነገር እንዳለ ልንገርዎ።

ከሁሉ በፊት፣ በእኛ ከተማ ቤት ከመምረጥ ይልቅ ሰዓት መምረጥ ይበልጣል። እኔ ቤት ሽንኩርት መክተፍ የሚጀመረው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነበር። አንድ ትልቅ ድስት ቁሌት ይጣዳል፤ የዕለቱ ቀይ ወጥ ሁሉ የሚወለደው ከዚያ ድስት ነው። ሥጋ ሲገባበት የሥጋ ወጥ፣ ምስር ሲገባበት ምስር ወጥ፣ የተፈጨ ሥጋ ሲገባበት ምንቸት አብሽ ይሆናል። ወጡ ከእሳት የሚወርደው ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ ከዚያ እስከ 7 ሰዓት ድረስ የመጣ እንግዳ እኔ ለልጆቼ የማቀርበውን ነበር የሚበላው። 9 ሰዓት ላይ ድስቱ ይጎድላል፤ የተረፈው ጥግ ይቀመጣል፤ ማታ ደግሞ ይሞቃል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኮምቦልቻ እንደ ደሴ ብርድ አያግዛትም፤ ለብ ብሎ የዋለ የሥጋ ወጥ ሽታውም ጣዕሙም ሳይለወጥ ሊበላሽ ይችላል። ማሞቁም ቢሆን ብዙ ጊዜ ለይስሙላ ነው። አስተናጋጁ ከመስኮቱ እየጮኸ አንድ ጭልፋ ወጥ በትንሽ መጥበሻ ላይ ይደፋል፤ ጠርዙ ሲንጨረጨር ደረሰ ተብሎ ይነሣል፤ መሀሉ ግን ገና ለብ እንዳለ ነው። እርስዎን ያመመዎት ይኸው ይመስለኛል። ቤቱ ሞልቶ ነበር ብለዋል፤ ማታ 3 ሰዓት ላይ የሞላ ቤት ለምግብ ሳይሆን ለቢራ የሞላ ሊሆን እንደሚችል ግን አይርሱ።

ስለዚህ ወጥ በቀን ይብሉ፣ ማታ ደግሞ ካዘዙ በኋላ የሚሠራ ነገር ይዘዙ። ተጋቢኖ ከነሸክላው እየተንተከተከ ሲመጣ ዓይንዎ እያየ ስለሆነ አያታልልም። እንቁላልም፣ ጥብስም እንዲሁ ነው። ፍርፍር ላይ ግን ያስተውሉ፤ ጥሩው ፍርፍር በአዲስ ቁሌት የሚሠራ ሲሆን፣ መጥፎው የትናንት ወጥና የከትናንት ወዲያ እንጀራ መሸሸጊያ ነው። እኔም ሠርቼው አውቃለሁ፤ ስለማውቀው ነው የምናገረው።

አጠያየቅም ዋጋ አለው። አስተናጋጇን "ምን አለ?" ካሏት ግድግዳው ላይ የተጻፈውን በሙሉ በአንድ ትንፋሽ ትወርድልዎታለች። "እህቴ፣ አሁን ምድጃ ላይ ያለው ምንድን ነው?" ቢሏት ግን ዞር ብላ ወደ ጓዳ ታያለች፤ አንዳንዴም ገብታ ጠይቃ ትመለሳለች። ያቺ ዞር ማለቷ ናት የምትጠቅምዎ።

እንጀራውን ደግሞ ከትሪው ላይ ከዳር አንሥተው ጀርባውን ይዩት። በእኛ ሙቀት ሁለት ቀን ያለፈው እንጀራ ሻጋታ ሊጀምረው ይችላል፤ ሻጋታውም ከላይ ሳይሆን ከታች በኩል፣ ተደራርቦ በተቀመጠበት ነው ቶሎ የሚታየው። በቃሉ በኩል ከሚመጣው ማሽላ ጋር የተቀላቀለ እንጀራ ቢያጋጥምዎት አይናቁት፤ በዕለቱ ከሆነ ለስላሳና ጣፋጭ ነው። በማግስቱ ግን ድርቅ ብሎ ስለሚሰባበር ዕድሜውን በራሱ ይናገራል፤ ጤፉ ይደብቃል፣ ማሽላው አይደብቅም።

በመጨረሻም አንድ ቤት ይልመዱ። በየቀኑ አዲስ ቤት የሚሞክር እንግዳ ሁልጊዜ እንግዳ ነው። ሦስተኛ ጊዜ የመጣን ሰው ግን ወጥ ሠሪዋ በስም ባታውቀው በአበላሉ ታውቀዋለች። ሲወጡ "እጅሽ ይባረክ በሏት" ብለው መልእክት ይላኩ። እኔ በ11 ዓመት ውስጥ ያንን ቃል የላኩልኝን ሰዎች ጣቶቼ ይበቁኛል፤ ለእነርሱ የትናንት ወጥ ወጥቶ አያውቅም።

ተሳቢ ነጂ፦

ከላይ የተጻፈውን በሙሉ እደግፋለሁ፤ አንድ የተለመደ ምክር ግን ከመነሣቱ በፊት ልቃወመው እፈልጋለሁ። "የከባድ መኪና ሹፌሮች የቆሙበት ቤት ግባ፣ እነርሱ ያውቃሉ" ይባላል። እኔ ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ መስመር ለብዙ ዓመታት የነዳሁ ሰው ነኝ። እውነቱን ለመናገር ቤት የምንመርጠው በመጀመሪያ ተሳቢውን የምናቆምበት ሰፊ ቦታና መኪናውን የሚጠብቅ ሰው መኖሩን አይተን ነው። ቀጥሎ ሌሊትም ቢሆን ክፍት መሆኑን እናያለን፤ የምግቡ ጣዕም የሚመጣው በሦስተኛ ደረጃ ነው። ሌሊት ሙሉ ክፍት የሆነ ቤት ማለት ደግሞ የጓዳ ሰው እንዳሉት ድስቱ ሙሉ ቀን ጥግ የቆየበት ቤት ማለት ነው።

እኔ ከተማ ውስጥ ሳድር የምከተለው መምህራንንና የባንክ ሠራተኞችን ነው። ከቤተሰባቸው ርቀው የተመደቡ ሰዎች በወር ሒሳብ የሚበሉበት ቤት አላቸው። ያ ቤት ብዙውን ጊዜ ታፔላው ትንሽ ነው፣ አንዳንዴም ምንም ታፔላ የለውም፤ ነገር ግን አንድን ሰው በወር 26 ቀን የሚመግብ ቤት አሳምሞት ሊቀጥል አይችልም። ኮምቦልቻም ደሴም የዩኒቨርሲቲ ግቢ ስላለ እንዲህ ያሉ ቤቶች አይጠፉም። ምሳ ሰዓት ላይ የመታወቂያ ገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰዎች በእግራቸው ወደየት እንደሚሄዱ መመልከት በቂ ነው።

ከአዲስ አበባ ስትመጡ ስለ መንገዱም አንድ ቃል ልጨምር። ደብረ ብርሃን ላይ ቁርስ ብላችሁ ጣርማ በርን አልፋችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ መኪናችሁን የሚከብቡት ቆሎ ሻጮች አይሰልቿችሁ፤ አንድ ሁለት ከረጢት ቆሎ ያዙ። ሸዋ ሮቢትና ከሚሴ ላይ በቀትር ሙቀት ክፉኛ ርቧችሁ ያገኛችሁትን ከምትበሉ፣ ያንን እየቆረጠማችሁ ኮምቦልቻ ብትደርሱ ይሻላል። በሥጋ የጠገበ ሆድ ይዞ የሐረጎን ጥምዝምዝ ወደ ደሴ መውጣት ደግሞ ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል፤ በተለይ ከኋላ ለሚቀመጥ ሰው አልመክርም።

ጦሳ ሥር (ደሴ)፦

የጤና መኮንን ነኝ። የግል ምርመራን የሚተካ ነገር ባልናገርም፣ ጠያቂው ያነሷቸውን ሁለት ችግሮች በተመለከተ ጥቂት ልበል።

ጨጓራን በተመለከተ፣ ሰው ሁሉ ጥፋቱን በርበሬ ላይ ይጭናል። በርበሬ የታመመን ጨጓራ ያቃጥላል፣ ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን የጨጓራና የአንጀት ቁስለት ዋና መንስኤዎች ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያና እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን ማዘውተር ናቸው። ባክቴሪያው ከጨጓራ ሕመም ጋር ያለውን ግንኙነት ያሳዩት ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ስለዚህ ለዓመታት አልጫ ብቻ እየበሉ ከመሰቃየት በአንድ ቀን የሰገራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ ማድረግና ካለም መታከም ይበጃል። እስከዚያው ክክ አልጫ፣ ድንች በካሮት፣ ጥቅል ጎመንና በርበሬው የቀነሰ ሽሮ ቢያዙ ይቀልዎታል። ጾመው እስከ 9 ሰዓት ከቆዩ በኋላ በባዶ ሆድ የጠቆረ ቡና መጠጣቱን ግን ይተዉት።

ስኳርን በተመለከተ፣ እንጀራው የጤፍ መሆኑ ብቻውን ዋስትና አይደለም። ጤፍ ብረት አለው፣ ግሉተን የለውም፤ ይሁን እንጂ ሁለት ሙሉ እንጀራ በአንድ መቀመጫ ከበሉ ስኳርዎ ከፍ ማለቱ አይቀርም። በየምግብ ቤቱ ሳይጠየቅ ተጠቅልሎ በሰሃን የሚመጣውን ተጨማሪ እንጀራ ገና ሲያዙ "አያስፈልገኝም፤ በምትኩ ጎመን ጨምሪልኝ" ማለት ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ከእንጀራው ዳር ዳር እየቆረሱ ከመጀመር ይልቅም መጀመሪያ ጎመኑን፣ ቀጥሎ ምስሩንና ክኩን ይብሉና እንጀራውን ከእነርሱ ጋር በልክ ያድርጉት። ለስላሳ መጠጥ በአንድ ጠርሙስ ብቻ 30 ግራም ገደማ ስኳር ይዞ ይመጣል። ሻዩንም "ስኳሩን ለብቻው" ብለው ይዘዙ፤ አለበለዚያ ሦስት ማንኪያ ተማስሎበት ነው የሚደርስዎ።

ስለ ዘይት ደግሞ የደሴ ብርድ ራሱ መርማሪ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የምትርቀው ኮምቦልቻ ግን ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። በሐምሌ ማታ ምስር ወጥ አዝዘው እያወሩ ጥቂት ቢዘገዩ፣ የሚረጋው የፓልም ዘይት በወጡ ዳርና በትሪው ጠርዝ ላይ ነጭ ሆኖ ሲጠነክር ያዩታል፤ ጣትዎን ቢያሳርፉበት እንደ ሻማ ይያያዛል። በፈሳሽ ዘይት የተሠራው እንደዚያ አይሆንም። ኮምቦልቻ ላይ ሁለቱም ዘይቶች ፈሳሽ መስለው ስለሚቀርቡ ልዩነቱ አይታይም። የሚረጋው ዘይት የደም ቅባትን ከፍ የሚያደርግ ስለሆነ በየወሩ 12 ቀን ከምግብ ቤት ለሚበላ ሰው ማወቁ አይከፋም።

ጥሬ ሥጋ አይብሉ። ኮሶ ከየት እንደሚመጣ የማያውቅ ሰው የለም፤ ሆኖም ባልደረቦቻችን "ትኩስ ነው" ሲሉን እንረሳዋለን። ትኩስነቱ የኮሶውን ዕጭ አይገድለውም፤ የሚገድለው በደንብ መብሰሉ ነው። የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይቀዘቅዝና ሳይግል ለብ ብሎ መቆየት እንደሌለበት፣ ሲሞቅም መሀሉ ጭምር 70 ዲግሪ መድረስ እንዳለበት የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፤ የጓዳ ሰው ያሉትም ይህንኑ ነው።

ከሥጋ ውጪ አማራጭ ከፈለጉ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሐይቅ አለ። ዓሣው ሙሉውን ተጠብሶ ሲቀርብ እዚያው ዳር ላይ መብላት ከሁሉ የተሻለ ነው። ደሴ ላይ የሚያገኙት ከሆነ መቼ እንደመጣ ጠይቀው ነው።

ደረሰኝ ያስጨነቀው፦

ስለ ደረሰኙ ማንም አልመለሰምና እኔ በአጭሩ ልመልስ። ሰባት ኪሎ የጨመረልዎ ጥብሱ ሳይሆን ደረሰኙ ነው። መሥሪያ ቤትዎ ለምግብ የተቆረጠ የውሎ አበል እንዲከፍልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የሚያወጡት ገንዘብ ከሆቴሉ ስለሚያንስ የሒሳብ ክፍሉ እምቢ የሚልበት ምክንያት አይኖረውም። እኛ መሥሪያ ቤት ሦስት ደብዳቤ ፈጅቷል፤ ሆኖም ተፈቅዷል።

የሰኞ ገበያ ነጋዴ (ደሴ)፦

አብሽር ወንድሜ፤ ከባልደረባህ ጋር ያለው ነገር ከሁሉ የቀለለው ነው። በዕድሜ ታናሼ ትመስለኛለህና አንተ ማለቴን ይቅር በለኝ።

የመጣህበት አገር ወሎ ነው። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው፤ ማንንም ሳይጠየፍ የሚያበላ ለማለት። የሥጋው ነገር ግን ያኔም ዛሬም የየራሱ ሥርዓት አለው፤ ባራኪው ይለያያል፤ በየሥጋ ቤቱ በር ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ የሚሣለውም ለዚህ ነው። ይህን ማንም እንደ ቅሬታ አያየውም። በሠርጋችን ሁለት ድንኳን፣ ሁለት እርድ አድርገን ሰውን በእኩል እናስተናግዳለን።

ሥጋ በሌለበት ግን የሚለያያችሁ ነገር የለም። እኔና የሱቅ ጎረቤቴ፣ እርሱ ክርስቲያን እኔ ሙስሊም፣ ረቡዕና ዓርብ በያይነቱ በአንድ ትሪ ስንበላ 20 ዓመት ሊሞላን ነው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩ፣ ሲገኝም ሱፍ ፍትፍቱ የሁላችንም ነው። ወደ ሙስሊም ምግብ ቤት ብትሄዱ ለባልደረባህ የድስቱና የቢላው ጥርጣሬ ይቀርለታል፤ አንተ ደግሞ የጾም ቀንህ ከሆነ አንዲት ጥያቄ ብቻ ትጠይቃለህ፤ "ሽሮው ላይ ቅቤ አለበት ወይ?" ትላለህ። የክርስቲያን ደንበኛ የለመደ ቤት ጥያቄውን ያውቀዋል፤ የጾሙን ለብቻ ይሠራል። በሌላው ቀን ሥጋ ቢያምርህ፣ ለየብቻ አዝዛችሁ በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥን የሚከለክል የለም። ግን ቀድመህ ባልደረባህን ጠይቀው፤ ለአንዱ የማይከብደው ለሌላው ሊከብደው ስለሚችል በግምት አትወስንለት።

በረመዳን የምትመጡ ከሆነ ደግሞ ቀን ላይ ብዙው ቤት ዝግ ነው። ያኔ ምሳህን በጊዜ አስብበት፤ አፍጥር ላይ ግን አብረኸው ሂድ። ቴምሩ፣ ሾርባውና ሳምቡሳው ለእንግዳም ነው። በዐቢይ ጾም ነገሩ ይገለበጣል፤ ያኔ እርሱ ነው አንተን የሚያስብልህ። ከምግብ በኋላ ቡናው ሲፈላ "ጀባ" ካሏችሁ እምቢ አትበሉ። አንተ ቢራ የምትወድ ከሆንክም እስቲ አንድ ቀን ቀሪቦ ሞክር፤ ከገብስ የሚሠራ ሆኖ አያሰክርም፤ ስኳር ግን አለበትና የጤና መኮንኑ እንዳይሰሙን።

ባለ መፍቻው (ጠያቂ)፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ የተመለስኩት ምክራችሁን ይዤ አንድ ጉዞ አጠናቅቄ ስለመጣሁ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በተሳቢ ነጂ ምክር የመታወቂያ ገመድ ያንጠለጠሉትን ተከተልኩ። የደረስኩበት ቤት ታፔላ የለውም፤ በሩ ላይ መጋረጃ፣ በግቢው ውስጥ አምስት ጠረጴዛ፣ ከጓዳው መስኮት ሥር ደግሞ ሳሙናው ሁልጊዜ የሚገኝበት የእጅ መታጠቢያ አለ። ባለቤቷ ሙስሊም ናቸው። ረቡዕ ዕለት ባልደረባዬን ጠይቄው ደስ ብሎት አብሮኝ መጣ፤ በያይነቱ አዘዝን፤ ተጨማሪውን እንጀራ ስመልስ አስተናጋጇ ግራ ተጋብታ "ሰው ሞቶበት ነው እንዴ?" በሚል ፊት ብታየኝም ጎመኑን ጨምራ አመጣችልኝ። ስለ ቅቤው ስጠይቅ ከጓዳው ውስጥ "የጾም ነው በይው!" የሚል የሴት ድምፅ መጣ።

የምርመራውን ነገር በተመለከተ ኤች ፓይሎሪ ተገኝቶብኝ መድኃኒት ጀምሬአለሁ። የውሎ አበሉ ደብዳቤ ገና አንደኛው ላይ ነው። ደሴ ላይ ያደርኩበትን ማታ በዘይቱ ፈተና አሳልፌዋለሁ፤ ሁለት ቤት ወድቋል፣ አንዱ አልፏል። አንድ ስሕተትም ሠርቻለሁ፤ የሥራ ሰዓት ገፍቶብን ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ወደዚያ ታፔላ የሌለው ቤት ስንመጣ ከድካም የተነሣ የጓዳ ሰውን ምክር ረስቼ "ምን አለ?" ብዬ ጠየቅሁ፤ አስተናጋጇም እንደተባለው በአንድ ትንፋሽ ወረደችልኝ። ጎመን በሥጋ አዘዝኩ። ባልደረባዬ ያዘዘው ተጋቢኖ እየተንተከተከ ሲመጣ የእኔ ግን ዘገየ። ቆየት ብሎ አስተናጋጇ ባዶ እጇን ተመለሰችና፣ "እትዬ የቀኑ ጎመን ለዚህ ሰዓት አይሆነውም፣ እርሱ ጨጓራ አለበት፣ ተጋቢኖውን አብሮ ይብላ ብለዋል" አለችኝ። ለእኝህ ሴት ስለ ጨጓራዬ የነገርኳቸው አንድ ቀን ብቻ፣ ያውም እግረ መንገዴን ነበር።